ክርክር፦ የጣና ገዳማት ንዋያት ወደ ከተማ ይውጡ ወይስ በየደሴታቸው ይቆዩ?

አወያይ፦

የቡድናችን አባላት ከባሕር ዳር ተነሥተው በጣና ሐይቅ ያሉትን የዘጌን ልሳነ ምድርና የክብራንን ደሴት ጎብኝተው ከተመለሱ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልበርድ ብሏል። በደሴቶቹ ዕቃ ቤቶች ያሉት ብራናዎች፣ ዘውዶች፣ መስቀሎችና ሥዕሎች ባሕር ዳር ላይ ደረጃውን የጠበቀ ሙዚየም ተሠርቶላቸው ይምጡ? ወይስ ባሉበት ይቆዩ? ማንም ያወጀው ዕቅድ የለም፤ የምንከራከረው በሐሳቡ ላይ ብቻ ነው። ታቦትን የሚነካ ነገር ከክርክሩ ውጪ ነው። ስድብም እንዲሁ።

የጎንደሩ መምህር፦

«ይውጡ» የሚለውን ወገን እኔው ልጀምር። ከዘጌ በኩል ድንጋይ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ራስ ቁሬን አጥልቄአለሁ።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ያልረገጥሁት ገዳም ጥቂት ነው። በአንደኛው (ስሙን አልጠራም) አንድ ደግ አባት ለእንግዳ ክብር ብለው ጥንታዊ ወንጌል ከማኅደሩ አወጡ። በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡልን። የረፋዱ ፀሐይ በቀጥታ በወንጌላዊው ማርቆስ ፊት ላይ ወድቋል። ጎብኚዎቹ ካሜራቸውን እስከ አንድ ክንድ አስጠግተው ያበሩበታል። ጉብኝቱ በሚደራበት ወራት በቀን ሦስት አራት ጀልባ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል ማለት ነው። ያ መጽሐፍ ከስንት ጦርነት ተርፎ በእንግዳ ተቀባይነት ሊሞት ነው።

አሁን «ከቦታቸው አይነቀሉ» ልትሉኝ ነው። ቦታቸው የት ነው? በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አድባራቱን ሲያቃጥል ከየቦታው የሸሸው ንዋይ የተጠጋው ወደ ጣና ነው። በደሴቱ ገዳም በደጋ እስጢፋኖስ ላይ በመስታወት ሣጥን የምታዩአቸውን ነገሥታት ቁጠሩ፦ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲለደስ። ዘርዓ ያዕቆብ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በደብረ ብርሃን ነበር። አጽሙ ደጋ እስኪደርስ ስንት ወንዝና ስንት ተራራ ተሻግሯል! ጣና ራሱ የስደተኛ ዕቃ ማደሪያ ነው። አባቶቻችን የቀደመው ቦታ አላስተማምን ሲላቸው ዕቃውን አነሡ። እኛም እናንሣ ማለት ከእነርሱ የወረስነውን ማድረግ ነው።

የዘጌው ዲያቆን፦

መምህር፣ ድንጋይ አልወረውርም። የምወረውረው ታሪክ ነው፤ እሱም የእርስዎው ትምህርት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህንኑ የእርስዎን ሐሳብ አስበውት ነበር። ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት መጻሕፍቱን አስነሥተው መቅደላ ላይ በመድኃኔዓለም ስም ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን አከማቹ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ግን የሁሉ አገር ዕቃ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ጠበቀው። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ ተብሎ ተጽፏል። ዝሆን የሚያስጭን ዘረፋ የሚገኘው ዕቃው በአንድ ቤት ሲከማች ነው። በየደሴቱ፣ በየጫካው፣ በየዋሻው ተበትኖ ቢሆን ያ ጦር አንዱን ሲያገኝ ሌላው ይተርፍ ነበር። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ የከተተ ገበሬ ነቀዝ አንዴ ከገባበት ለዘር የሚሆን አይተርፈውም።

ሌላም ነገር አለ። እርስዎ «ቅርስ» የሚሉት ለእኛ የሥራ ዕቃ ነው። ስንክሳሩ በየዕለቱ ይነበባል። ተአምረ ማርያም ይነበባል። መጾር መስቀሉ በክብረ በዓል ይወጣል። እኔ ዳዊት የደገምሁበትን መጽሐፍ በመስታወት ውስጥ አስቀምጣችሁ «እጅ አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ብትለጥፉበት ለማን ጠበቃችሁት?

የጎንደሩ መምህር፦

መቅደላን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ነው ያነሣኸው። ተበትነው ከነበሩት የጠፋውንም ቁጠር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1932 ግሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ የሚመራው ቡድን ጎንደር ከሚገኘው የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ቅጂ ሰቀለበትና ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔዓለም ጠፍቶ ቤልጅየም ተገኘ፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። የጨለቆት ሥላሴው ዘውድ ሆላንድ አገር በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ተደብቆ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ በቃ። አንዳቸውም ከሙዚየም አልተሰረቁም። ሁሉም የጠፉት አንተ «ይቆዩበት» ከምትለው ዓይነት ቤት ነው፤ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሽማግሌ።

ጀልባ ነጂው፦

ቁልፉስ ሦስት ነው። አንዱ በአበ ምኔቱ፣ አንዱ በገበዙ፣ አንዱ በዕቃ ቤት ጠባቂው እጅ የሚሆንበት ገዳም አውቃለሁ። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ሦስተኛው አባት ለጠበል ሄደው እንግዶቼን ይዤ ግማሽ ቀን የተቀመጥሁበት ጊዜ ስላለ በደንብ አውቀዋለሁ።

ለንደን ነዋሪው፦

መቅደላ ከተነሣ እኔ ዝም ልል አልችልም። እዚህ በብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የመጡት ብራናዎች አሉ፤ 350 ገደማ ናቸው። አንድ ጊዜ ከመካከላቸው ጥቂቱ ለሕዝብ ሲታዩ ልጆቼን ይዤ ሄድሁ። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ አየሩ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ማንም ምራቅ አያስነካውም። ደስ አለኝ። ከዚያ በመደሰቴ አፈርሁ። ልጄ «አባዬ፣ ይህ የእኛ ነው?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

እናም ለመምህሩም ለዲያቆኑም ግማሽ ግማሽ እሰጣለሁ። ጥሩ አያያዝ ዕቃን ያቆያል። ጥሩ አያያዝ ግን ለያዘው ሰው «እኔ እሻላለሁ» የሚል አንደበትም ይሰጠዋል። የእኛን ጥያቄ እዚህ የሚመልሱልን በዚህ አንደበት ነው። ባሕር ዳር ላይ ሙዚየም ሠርታችሁ ለዘጌ ሽማግሌዎች ያንኑ ቃል እንዳትነግሯቸው እሰጋለሁ።

የብራና ጠጋኟ፦

ሙያዬ ብራና ስለሆነ ስለ ፖለቲካው ሳይሆን ስለ ቆዳው ልናገር።

ምራቁ መጥፎ ነው። ፀሐዩም እንዲሁ። በዚህ መምህሩ ትክክል ናቸው። ብራና ግን ቆዳ መሆኑን አትርሱ። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተፋል። በጠጣና በተፋ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ከላዩ ያለው ቀለም አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ለብራና ክፉ ጠላቱ የአየሩ መለዋወጥ ነው። መካከለኛ እርጥበት ሳይለዋወጥ ቢቆይለት ምንም አይለውም። የድሮ ሰዎች ይህንን በቃል ባይጽፉትም ያውቁት ነበር፤ ወፍራም የእንጨት ገበታ፣ ጥብቅ ስፌት፣ ከላዩ የቆዳ ማኅደር፣ ከዚያ ወፍራም ግድግዳና ሳር ክዳን። አየሩ ወደ መጽሐፉ እስኪደርስ አራት በር ያልፋል።

ጥፋት የማየው የት መሰላችሁ? ሳሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ በለበሱ ዕቃ ቤቶች ውስጥ ነው። ቀን ምጣድ፣ ሌሊት ጉድጓድ ሆነዋል። ይህንን ያደረገው ንፉግ ሰው አይደለም፤ ገዳሙን የሚወድ ምእመን ገንዘብ አዋጥቶ ነው። አንድ ሰው «ቆርቆሮው ከላይ ይሁን፤ ከሥሩ ግን ወፍራም ጣሪያ ይሠራለት» ቢላቸው ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ ከተማው ሙዚየም። አየር የሚያስተካክል መሣሪያ ይገባል እንበል። መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር አለ እንበል። የነዳጁ በጀት ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲቋረጥስ? ስድስት ሰዓት ሠርቶ ስድስት ሰዓት የሚቆም መሣሪያ ከቆርቆሮው ጣሪያ የከፋ ነው፤ ብራናውን በየቀኑ ከበጋ ወደ ክረምት ይወስደዋል። በሌላ በኩል የትግራዩን የአባ ገሪማን ወንጌል አስቡ። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታዊ ባለ ሥዕል ወንጌሎች አንዱ ነው። መነኮሳቱ «ከግቢ አይወጣም» ስላሉ ጠጋኞቹ ወደ ገዳሙ ሄደው እዚያው ጠገኑት። መጽሐፉ ወደ ጠጋኝ ካልሄደ ጠጋኝ ወደ መጽሐፉ ይሂድ።

ተሳላሚው፦

ስለ ቆዳና ስለ ቀለም ብዙ ተባለ። ስለ ነገሩ መንፈስ ማን ይናገር? ጣና ቂርቆስ ላይ ስትቆሙ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት እንደተቀመጠች ይነገራችኋል። እመቤታችን ከስደት ስትመለስ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ያረፈችበት ድንጋይ ይታያችኋል። ቅዱስ ያሬድ ድጓውን ይዞ የተቀመጠባት ደሴት ናት ይባላል። በብሉይ ኪዳን ዘመን መሥዋዕት ይቀርብበት ነበር የሚባለው ባለ ጎድጓዳው ድንጋይ እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ነቅላችሁ ባሕር ዳር ብታመጡት ምን ይቀራል? «ድንጋይ፤ ቁመቱ ይህን ያህል» የሚል ወረቀት ነው የሚቀረው።

የጎንደሩ መምህር፦

ወንድሜ፣ ትውፊቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በሥራዬ ላይ ይህ ነገር አለ። 800 ዓመት የሚለውን በቃል ትውፊት ነው የምናገኘው። ተማሪዬ በፈተና ላይ «ታቦቷ 800 ዓመት ጣና ቂርቆስ ነበረች» ብሎ ቢጽፍ «እንደ ገዳሙ ትውፊት» የምትል ሐረግ እንዲጨምር አደርገዋለሁ። ሐረጓ አጭር ናት፤ ነገር ግን ምሁርን ከአስጎብኚ የምትለየው እርሷ ናት። የሙዚየም ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው፤ የተረጋገጠውን ከተነገረው ለይቶ ይጽፋል።

ጀልባ ነጂው፦

ስለ አስጎብኚ ከተነሣማ እኔ ምስክር ነኝ። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ አሠርታዋለች። በሩ ላይ ጋያ የሚያጨስ ሰው ተቀርጿል። «ይህ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው» ይባላል፤ እኔም ለእንግዳ ብዬዋለሁ፤ ፈረንጅ ይወደዋል። አንድ ቀን አንድ ጎብኚ «ብሩስ ጎንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 አይደለም? ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በፊት ተሠርቶ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ልበል? «ጋያው በኋላ ተጨምሮ ይሆናል» አልሁት። ሳቀና ጉርሻ ሰጠኝ። እስካሁን ከተቀበልሁት ጉርሻ ሁሉ ትልቁ ያ ነው።

በአንድ ዕቃ ቤት ያለ አንድ ዘውድ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ የሦስት ንጉሥ ሲሆን ሰምቻለሁ። የእንግዳው አገር እየታየ ነው የሚለዋወጠው።

የዘጌው ዲያቆን፦

ይህን ጀልባ ነጂው ሲናገረው ያስቃል፤ እኛን ግን ያሳፍረናል። ልክ ነው። ዕቃው ከነመዝገቡ ቢሆን ኖሮ ዘውዱ ባለቤቱን አይለዋውጥም ነበር። መዝገብ ይሠራ ብትሉ ፊት የምሰለፈው እኔ ነኝ።

ትውፊቱን ግን ከውሸት ጋር አትደምሩት። የዘጌ ትውፊት የሚለውን እነግራችኋለሁ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆርጠው ቢተክሉ ቡናና ጌሾ ሆነ፤ «በዚህ ምድር እርፍ አይያዝ፣ በሬ አይጠመድ» ተባለ። መምህር ይህንን ምን ብለው ይጽፉታል? «አልተረጋገጠም»? በትሩ ቡና መሆኑን ማረጋገጥ አንችልም። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ ቁማችሁ ወደ ዘጌ ተመልከቱ። በሐይቁ ዙሪያ ጫካው ተመንጥሮ አልቆ እዚያ ብቻ ለምን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ? እርፍ ስላልገባበት ነው። ያልተረጋገጠው ትውፊት ነው ደኑን የጠበቀው።

የጎንደሩ መምህር፦

ተቀበልሁ። ይህኛውን በግልጽ ተሸንፌአለሁ። ግን ያው ደን በዐፄዎቹ ዘመን በባሮች ጉልበት ይለቀም እንደነበርም ተጽፏል። ትውፊቱ ያንን አይነግረንም። የቡናውን መባረክ የሚነግረኝ ሰው የለቃሚውን ስም አይነግረኝም። ስለዚህ ነው ከዕቃ ቤቱ በተጨማሪ ሌላ ቤት የምፈልገው።

የወይጦው ልጅ፦

ክርክሩን ከመጀመሪያው እያነበብሁ ነው። ዘውድ፣ ወንጌል፣ መስቀል። አንድም ሰው «በምን ተሻገረ?» አላለም። ወደ ደሴቶቹ የሄደው ሁሉ፣ ዘውዱም ወንጌሉም የንጉሡም አጽም፣ በደንገል ታንኳ ነው የሄደው። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ የሚያደርጉት የእኔ ሰዎች ናቸው፤ ነገደ ወይጦ። አባቶቻችን ዓባይን ተከትለው ከግብፅ መጡ የሚል ትውፊት አለን። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በዚህ ምክንያት ስንት ዓመት እንደ ርኩስ ተቆጥረን ከማኅበር ተገፍተናል፤ ይህንንም ታውቃላችሁ።

ታንኳ ጥቂት ሳምንት ካገለገለ በኋላ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ይጣላል፤ ሌላ ይሠራል። በመስታወት ሊቀመጥ አይችልም። የሚቆየው የሚያስረው እጅ ነው። ደንገሉ ደግሞ ከዳርቻው እየተመነጠረ ነው፤ ከእሱ የተረፈውን እምቦጭ እያፈነው ነው። ሙዚየሙ ባሕር ዳርም ይሁን ደሴት ላይ ለእኔ ያው ነው። በሩ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ደንገል እያሰረ ደመወዝ ይከፈለው እንጂ።

አወያይ፦

ከዚህ በታች ስለ ነገደ ወይጦ የተጻፈ አንድ አስተያየት አጥፍቻለሁ። የጻፈው ያውቃል። እንቀጥል።

የባሕር ዳሯ፦

እኔ እስካሁን ዝም ያልሁት ወንዶች ስለ ክብራን መጻሕፍት ሲከራከሩ ለማየት ነው። ተመለከትሁ። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከመካከላችሁ ስንት ሰው አይቷቸዋል?

የተወለድሁት ከክብራን ፊት ለፊት ነው። ጠዋት በር ስከፍት የማየው ደሴቱን ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ወንድሞቼን ይዞ ወጣ፤ ሴት ወደ ክብራን ስለማይገባ እኔና እናቴ ጀልባው ውስጥ ቀረን። እናቴ ጀልባው ላይ ቁማ ወደ ደሴቱ ሰገደች። እኔ ወንድሞቼ ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ታናሹ «መልአክ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ዛሬ እርሱ አርባ ዓመት አልፎታል፤ እኔ አሁንም መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ገዳሙ ሕጉን ይለውጥ አላልሁም። መነኮሳቱ የገቡበት ቃል ነው፤ የእነርሱ ነው። ግን ይህን ስሙኝ፦ ኧርነስት ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ የጣናን መጻሕፍት ፎቶ አንሥቶ ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጀርመን አሳተመ። ስለዚህ አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ አገሯ ላይ ተቀምጣ የክብራን ወንጌል ምን ሥዕል እንዳለበት ታነባለች። ደሴቱን በየጠዋቱ የምታይ የባሕር ዳር ሴት ግን አታውቅም። ዲያቆን፣ «ለማን ጠበቃችሁት?» ብለህ ጠይቀሃል። ጥያቄውን ወደ አንተ መልሼዋለሁ።

የዘጌው ዲያቆን፦

እህቴ፣ ለዚህ ፈጣን መልስ የለኝም። የሴት አለመግባት ሴትን መናቅ እንዳይደለ ታውቂያለሽ፤ የዘጌ ገዳማት እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ እነ አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው። እቴጌ ምንትዋብም ናርጋን ያህል ቤተ ክርስቲያን አሠርታ…

የባሕር ዳሯ፦

እቴጌ ምንትዋብ ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ትችል ነበር። እኔ የምከፍለው የቤት ኪራይ አለብኝ።

ለንደን ነዋሪው፦

ይህ ክርክር ከተጀመረ ወዲህ የሰማሁት ምርጥ መልስ ነው።

የብራና ጠጋኟ፦

ከሳቁ በኋላ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ሙያተኛ ሆኜ ሳይሆን እኔም ክብራንን ከጀልባ ላይ ብቻ ያየሁ ሴት ሆኜ ነው። ከክብራን ፊት ለፊት፣ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ እንጦስ ኢየሱስ አለ። ሴቶች ይገባሉ፤ የሴት መነኮሳይያት ገዳም ነው። ለምን የክብራንን ዕቃ ወደ ባሕር ዳር ትወስዱታላችሁ? እንጦስ ላይ አንድ ክፍል ይሠራ፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር ድርብ ጣሪያ፣ ትንሽ መስኮት። መሣሪያ አያስፈልገውም። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ብቻ ይምጣ፤ በአንድ ገጽ ላይ ተከፍቶ ጥቂት ወራት ይቆይ፤ ከዚያ ይመለስ፣ ሌላው ይተካ። ቁልፉ የክብራን ገበዝ እጅ ይሁን። የሐይቁ አየር ያው ስለሆነ ብራናው ጉዞውን እንኳ አያውቀውም።

የጎንደሩ መምህር፦

ሐሳቡ ያምራል። የእኔን ሙዚየም ግን በአንድ ክፍል ልትሸኙት ነው። ተማሪ ከጎንደር አምጥቼ በአንድ ቀን የጣናን ታሪክ ላሳየው ብል ናርጋ በአንድ አቅጣጫ፣ ሬማ በሌላ፣ ቂርቆስ በሌላ፣ ደብረ ሲና ማርያም ደግሞ ከሰሜን ጎርጎራ። ሬማ መድኃኔዓለም ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል መቃብር እንዳለ ስንት የባሕር ዳር ልጅ ያውቃል? ጎርጎራ አጠገብ የዐፄ ሱስንዮስ ግንብ እየፈረሰ እንደሆነስ? ይህን ሁሉ በካርታ፣ በፎቶ፣ በቅጂ የሚያሳይ አንድ ቤት ባሕር ዳር ላይ ቢኖር ማንን ይጎዳል? ዋናዎቹ በየደሴታቸው ይቆዩ፤ እሺ። ከሐመርሽሚት ፊልም ላይ ቅጂ አምጥተን ሙሉ ወንጌሉን እናትም። ቅጂውን ልጁ በምራቁ ቢገልጠውም ግድ የለኝም።

የዘጌው ዲያቆን፦

መምህር፣ እንዲህ ካሉ ልዩነታችን ምን ቀረ?

የጎንደሩ መምህር፦

ደጋ ቀረ። ስለ ደጋ ገና አልተነጋገርንም። እነዚያ ነገሥታት በመስታወት ሣጥን መታየታቸው ራሱ አይከነክናችሁም? ዘርዓ ያዕቆብ ቅርስ ነው ወይስ ሟች? ቅርስ ከሆነ ለሁሉም ይታይ፤ ለሴቱም ለወንዱም፤ ቀዝቃዛ ክፍል ባለው ቤት። ሟች ከሆነ አፈር ይልበስ። በመካከል ያለውን ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ማስረዳት አልቻልሁም።

ተሳላሚው፦

አጽመ ቅዱሳንስ ይታይ የለም እንዴ? ነገሥታቱ ወደ ደሴቱ የመጡት ጸሎት እንዳይለያቸው ነው። ደጋ ላይ ሌሊት ማኅሌት ሲቆም እነርሱም አሉ። ከጸሎቱ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ክፍል ብትከቷቸው ሁለተኛ ሞት ነው።

የባሕር ዳሯ፦

በዚህስ እኔ ከተሳላሚው ጋር ነኝ። መጽሐፉን ማየት እፈልጋለሁ። ሬሳ ማየት አልፈልግም። ይተኙ።

የጎንደሩ መምህር፦

እንግዲያው መስታወቱ ለምን ተሠራ? ለእንቅልፍ?

አወያይ፦

በደጋ ጉዳይ የተለየ ርዕስ እከፍታለሁ። የእንጦሱን ሐሳብ ግን ዲያቆኑ ለክብራን አባቶች ለማድረስ ፈቃደኛ ነኝ ብሏል። መጓጓዣውን በተመለከተ ጀልባ ነጂውን ጠይቄአለሁ፤ መልሱ እነሆ።

ጀልባ ነጂው፦

ከክብራን እንጦስ ቤንዚኑ ይህን ያህል አይደለም፤ መጽሐፉን በነጻ አደርሳለሁ። ጠጋኟ በላስቲክ ጠቅልላ ትቀመጥበት፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ስለሚነሣ በጠዋት እንሂድ። የወይጦው ልጅ ከፈለገ እርሱ በታንኳ ይምራን፤ ሞተሩን አጥፍቼ እከተለዋለሁ። ስለ ደጋው ግን ከወዲሁ ልናገር። እዚህ ምንም ብትወስኑ ንጉሥም ቢሆን ሬሳ አልጭንም።